ላይደር

ይትባረክ፣ ና ቁጭ በል፤ ካፖርትህን አታውልቅ፣
ማሞቂያው ዛሬም ሰንፏል፤ ከመሸ በኋላ ነው 'ሚሞቅ።
ዝናቡ ከጎን እየመታህ ከትራሙ ስትወጣ
ፊትህን አይቼዋለሁ፤ ዛሬም ደብዳቤ መጣ።
ቆይ አትክፈተው፤ እኔ ልንገርህ ያለውን ውስጡ፦
ሦስት መስመር አመስግነውህ፣ በአራተኛው ሊያመልጡ፣
ከዚያ አንዲት ቃል አለች፣ በር የምትዘጋ በቀስታ፣
«ላይደር» የምትባል፤ «ያሳዝናል» ማለት ናት ስትፈታ።
እኔማ በአማርኛ ጆሮ ነበር የሰማኋት ያን ቀን፤
«ላይደርስ» ነው አልኩ፣ ድካሜ፤ «ስ»ን ውጠዋት ይሆን?

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ካርቶን ያሸግሁበት ቤት
በአንድ ረቡዕ ተዘጋ፤ ሰጡን አበባና ወረቀት።
አበባው በሳምንቱ ረገፈ።
ወረቀቱን ግን ለሚያውቅ አስነብብ፤ ምስጋና መስሎህ አትታለል፤
«ሁሌም ትጥር ነበረች» ካለ፣ «አልቻለችም» ነው የሚል።
ሰምና ወርቅ የኛ ብቻ መስሎኝ ነበር እስከዛሬ፤
ለካ እነሱም ይቀኛሉ፣ በማኅተም፣ በቢሮ ወሬ።

አንዱን ማመልከቻ ለመቶ ቤት አትበትን እንደ ዘር፤
ማስታወቂያውን ሦስቴ አንብብ፤ ቃላቸውን ቁጠር።
«ፎርክሊፍት» ካሉ ፎርክሊፍት በል፤ «ማንሻ መኪና» አትበል፤
መጀመሪያ የሚያነብህ ማሽን ነው፤ ካልገባው ይጥልሃል።
ያለሥራ የቆየህበትን ስምንት ወር አትሸፍነው፤
ባዶ ቦታ ያዩ ጊዜ የሚሞሉት በክፉ ነው።
«እናቴን ሳስታምም ነው» በል፣ እውነቱ ያ ከሆነ፤
እዚህም እናት ትታመማለች፤ ስንቱ አለቃ ሰምቶ አዘነ።
ግን አትዋሽ። ኃይለልዑልን አስታውስ፣
ፎርክሊፍት እነዳለሁ ብሎ፣
በሙከራው ቀን ጠዋት አርባ ባልዲ ቀለም ነድሎ፣
ወለሉን ሰማይ አስመስሎት ወጣ።
ጫማው እስከ ዛሬ ሰማያዊ ነው።

ደግሞ ሰው ጠይቅ፤ አፍህን አትቆልፍ።
ፍራው ፔተርዘን፣ ታች ያለችው፣ ከውሻዋ ጋር የምታያት፣
ወንድሟ የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ኃላፊ ነው፤
አራት ዓመት «ሃሎ» ብለሃት፣
ሥራ እንደምትፈልግ አንድ ቀን አልነገርካት።

ከጠሩህ፣ በዋዜማው ሂድና በሩን በዓይንህ እይ፤
ሁለት ቁጥር ትራም ይዘገያል፤ አንተ እንዳትዘገይ።
ዓይንህን አትስበር፤ አክብሮት መሆኑን ያልተማረ ሰው
መሸሽ ይመስለዋል፤ የደበቅከው ነገር ያለህ ይመስለው።
«እኛ ሠራን» ስትል፣ ያንተ እጅ የት እንደነበር ንገራቸው።
በመጨረሻ «ጥያቄ አለህ?» ሲሉህ «የለኝም» አትበል፤
ያ ጨዋነትህ እዚህ አገር ግድ የለሽነት ይባላል።
ጠይቅ፤ «የመጀመሪያው ሳምንት ምን ይመስላል?» በል፣ ይበቃል።

ይሄን ደብተር እየው፦ ቀን፣ የድርጅት ስም፣ የሰው ስም፣ ስልክ።
በአሥረኛው ቀን ደውል። አትለምን፤ «ደረሰ ወይ?» ብቻ በል።
እሑድ አትጻፍ፤ እሑድ ቬዘር ዳር ተራመድ፣
ወይም ተኛ፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ማመልከቻው ያዛጋል።

ምነው ገጹን ገለጥክ? ተው እንጂ፣ ያ ያንተ አይደለም።
አዎ፤ ሰባ አራተኛው መስመር የኔ ስም ነው።
ሰባ ሦስቱም እንዲሁ።
በየጠዋቱ ኮፍያዬን አድርጌ የምወጣው
ወደ ሥራ መስሎህ ነበር?
ቤተ መጻሕፍት ነው፤ እዚያ ማሞቂያው አይሰንፍም።
አምሳ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ይትባረክ። ይሄን ሁሉ የነገርኩህ
የተሳካልኝ ሆኜ አይደለም፤
ጮክ ብዬ ስናገረው ራሴም እሰማው ብዬ ነው።

ነገ ያንተን እኔ ላንብብ፤ የኔን አንተ፣ ስሕተቴን ሳትምረኝ።
አሁን በል፣ ክፈተው ደብዳቤውን፤ እርሳሱንም አቀብለኝ።
አየህ፣ አራተኛው መስመር ላይ ናት፤ አልተሳሳትኩም።
«ላይደር»። አንዲት «ቅ» ጎኗ ላስጠጋላት፦ «ላይደርቅ»።
ማሞቂያው ተንኳኳ፣ ሰማህ? በል ካፖርትህን አውልቅ።