ያልተቋጨ ዋልትዝ

ፒያኖው ወደ ቱሉ ዲምቱ የመጣው በዕዳ ነው።
የአርባ ሁለት ሕፃን ዩኒፎርም ሰፋሁ፤ መዋዕለ ሕፃናቱን ኪራይ ዘጋው።
ባለቤቲቱ፣ ወይዘሮ ትርንጎ፣ አንገቷን ደፍታ፣
«ብር የለኝም፤ ይኼን ውሰደው» አለችኝ፣ ክዳኑን በመዳፏ መትታ።

ስድስት ወዛደር አራተኛ ፎቅ ሲያወጡት፣ ሦስተኛው ላይ ደረጃው ጠቦ
አንድ ሰዓት ቆመ፤ ብሎኩ ሁሉ ምክር ሰጠ፣ ተሰብስቦ።
አንዱ «መጥረቢያ አምጡ» አለ፤ ሌላው «ሬሳ ነው እንዴ?»
ሚስቴ ከላይ፣ «የስፌት መኪናህን ሸጠህ እንዳይሆን፣ ጉዴ!»

ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ቁልፍ ስተክል የኖርኩ፣
በኮት ላይ፣ በሸሚዝ ላይ፣ ዓይኔን በክር ያደከምኩ።
አሁን ሰማንያ ስምንት ቁልፍ ፊቴ ተደርድሯል፤
አንዱም ቀዳዳ የለው፣ በየት በኩል ክር ይገባል?

ሲፈን፣ የማዶው ብሎክ ልጅ፣ ሙዚቃ የምትማር፣
ቅዳሜ ትመጣለች፤ ክፍያዋ ሱሪ ማሳጠር።
ወረቀት ዘረጋች፣ ጤፍ የተበተነበት፤
«ዋልትዝ ይባላል፣ ሰው ተቃቅፎ የሚዞርበት።
በሁለት ዘንግ መሀል ያለው፣ አንድ ቤት ነው እንበል፤
በየቤቱ ሦስት ነዋሪ፦ አንዱ ከባድ፣ ሁለቱ ቀላል።
ግራ እጅዎ ወገብ ይያዝ፣
ቀኝዎ ያውራ፤ ግን አይቸኩል፣ አይፍዘዝ።»
«ማን ጻፈው?» ብላት፣ «ሲያስል የኖረ ወጣት፣ ከድሮ ጊዜ» አለችኝ።
ከዚያ ወዲህ እያንዳንዷ የእረፍት ምልክት
ለሳሉ የተተወች ቦታ መሰለችኝ።

እግሬ ፔዳል ያውቃል፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ሲንገር ረግጧል፤
ግን ስፌት መስሎት ይሮጣል፣ ዜማው እንደ ክር ይበጠሳል።
ግራ እጄ ደግሞ ሰርግ ቤት ያደገች ናት፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ስላት፣
በየመሀሉ ጭክችካ ትሰካለች፣ ማን ይቻላት?
ትከሻዬ ይከተላታል።
ሲፈንን ሳቅ ያፍናታል፤
«ጋሽ ደለለኝ፣ ይኼ ሰው እኮ የሚጨፍረው በእግሩ ብቻ ነው!»
«ምስኪን» አልኳት፤ «እንግዲያ ትከሻዬን ላውሰው።»

በክረምት አንዱ ቁልፍ ያብጣል፤ ከገባ አይመለስም፤
እንደ እሾህ በመርፌ አወጣዋለሁ፣ ሌላ መላ የለም።

ማክሰኞ ሌሊት ውሃ ሲመጣ ሰፈሩ ይነቃል፤
ቱቦው ያጓራል፣ ባልዲ ከባልዲ ይጋጫል።
እኔም ጀሪካኔን ከቧንቧው ስር ደቅኜ፣ እስኪሞላ ድረስ
ከአንደኛው ቤት እነሳለሁ፤ አስራ ስድስተኛው ስደርስ፣
እወድቃለሁ። ቀኝ እጄ እዚያ መዝለል አለባት፤
ትዘላለች፣ ትስታለች፣ እመልሳታለሁ። ዘጠኝ ሳምንት
ያው ቤት፣ ያው ደጃፍ፣ ያው ስህተት።

ባለፈው ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ መብራት ጠፍቶ
በዳበሳ ስጫወት፣ አቶ ኩምሳ ከታች፣ ያን ማታ ከጅቡቲ ገብቶ
እንቅልፍ ያጣ ሹፌር፣ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን ደበደበ።
አቆምኩ። ጀሪካኑ ሞልቶ ፈሰሰ፣ ወለሉ ረጠበ።
ደግሞ ደበደበ።
ከዚያ የእግሩ ኮቴ በደረጃው ላይ ቀረበ።

በሩን ከፈትኩ፣ ይቅርታ አፌ ላይ።
በቁምጣ ቆሟል፣ ሻማ ይዞ፣ ዓይኑ ቀይ።
«ለምን አቆምክ?» አለኝ። «ሁልጊዜ እዚያው ስትደርስ ትተወዋለህ፤
እኔን አልጋዬ ላይ በአንድ እግር ታቆመኛለህ።
አዋሽን ስሻገር፣ መሪ ጨብጬ እንኳ ይመጣብኛል፤
ሰው እንዴት በእንጥልጥል ይተኛል?
ቋጨው እንጂ፣ ልብስ ሰፊ አይደለህ?»

በርጩማ ሰጠሁት። ሚስቴ፣ እያጉረመረመች፣
የፈሰሰውን ውሃ ትወለውላለች፤
አንዴ ጠንከር፣ ሁለቴ ለስለስ፣
መወልወያዋ ሲሄድ፣ ሲመለስ።
እሷን ተከትዬ ጀመርኩ።
አስራ አራት፤ አስራ አምስት፤ እጄ ዘለለች፣
ከጎን ያለውን ቁልፍ ነካች፣ ግን አልቆመችም፤ ተሻገረች።

ተሻገረችና ደርቃ ቀረች።
አስራ ሰባተኛውን ቤት ለካ
አንድም ቀን አላየሁትም ነበር።
ኩምሳ ሻማውን ወደ ወረቀቱ አስጠጋ፣
ሰሙ እየተንጠባጠበ፣
«እሺ፣ እዚህስ ቤት ማን ይኖራል?» አለ።