ሙዝና ብርቱካን

ናኩሩ ገበያ፣ ካውቶቡሶች መቆሚያ፣
ሙዝ በግራዬ ዘርግቼ፣ ብርቱካኑን ከወዲያ፣
ዐሥራ አንድ ዓመት ሸጥኩ፤ አንድም ቀን አላየሁ
ፍሬ ከፍሬ ተኳርፎ፤ እኔው ምስክር አለሁ።

ዘንድሮ ግን አዲስ ሕገ መንግሥት ተረቆ፣
"ድምፅ ስጡ" ተባለ፣ ያገር ሰው ሁሉ ተጠርቶ ተጠይቆ፤
ለ"ይጽደቅ" ሙዝ ሆነ፣ ለ"አይጽደቅ" ብርቱካን፣
ፊደል ያልቆጠረ እንዳይስት ምልክቱን።
ከዚያች ቀን ጀምሮ ደንበኞቼ ሁሉ
ሙዝ የያዘ ሲያዩ "የማን ነህ?" ይላሉ።

ንዱታ ልብስ ሰፊዋ፣ ባሏን አምና የቀበረች፣
አግዳሚዬ ላይ ቁጭ ብላ ረቂቁን ትገልጣለች፤
ከዚያ ሁሉ ገጽ አንዷን በቀይ ክር ምልክት አስራ፣
ደጋግማ ታነባታለች፣ እንደ ጸሎት፣ እንደ ሥራ፦
"ሴት ልጅ ካባቷ መሬት እኩል ትወርሳለች።"
"ሌላው ይቅር፤ ይቺ ትበቃኛለች" ትላለች።

ኦዴራ ብስክሌት ጠጋኙ፣ እጁ በቅባት ጠቁሮ፣
"እሷንማ ማን ጠላ?" ይላል ጎማውን ወጥሮ፤
"ማሯን ከላይ ቀብተው እሬቱን ከሥር ደበቁት፤
ሥልጣኑን ሁሉ ሰብስበው ባንድ ወንበር አስቀመጡት።
ቆይ፣ የተሻለ ይጻፋል፤ ምን ያስቸኩልሻል?"
"አንተ መሬት አለህ፤ መጠበቅ ይቻልሃል።
እኔ ቆሜ የምጠብቅበት ስንዝር የለኝም" አለችው።
ጎማው ተነፈሰ። የሚመልስላት ጠፋው።

መምህር ላጋት "ሁለታችሁም ልክ ናችሁ" ቢል፣
ሁለቱም ተቆጡት፤ ከዚያ ወዲያ ዝም አለ ምስኪን።
እኔን "ሙሊ፣ አንተስ?" ሲሉኝ "እኔማ በኪሎ ነኝ" አልኩ።
ሳቁ። ሳቁ ግን ብርድ ነበረው፤ ያኔ ነው የፈራሁ።

ንዱታ ብርቱካን ተወች፣ ልጇን ሳል እያጣደፈው፤
ኦዴራ ሙዝ አልነካም፣ ሆዱ ባዶውን እያደረው።

የኔን ድምፅ አትጠይቁኝ፤ ከመጋረጃው ኋላ ቀረ፤
እጄ እንደ ሚዛኔ ወዲያ ወዲህ ሲል ነበረ።

ተቆጠረ። ብርቱካን አሸነፈ።
ጥሩምባው፣ ጭፈራው በፊት ለፊቴ አለፈ።
አንድ ሰዓት ባልሞላ ብርቱካኔ አለቀ፤
ሙዜ ግን ባለበት ጠቁሮ ደቀቀ።

ሐሙስ ዕለት ኦዴራ የተቀደደ ሱሪ ይዞ
ከስፌት መኪናዋ ፊት ቆመ፣ ምላሱ ፈዝዞ።
ቀና ሳትል ተቀበለችው፣ መርፌ በከንፈሯ ይዛ፤
ክር ቢያጥራት፣ ያቺን ምልክት ከረቂቁ ውስጥ መዝዛ
ቀዩን በጥቁር ሱሪ፣ ጉልበቱ ላይ ሰፋችው፤
ከወትሮው ዋጋ ላይ ሃያ ሽልንግ ጨመረችው።
ያ በሳንቲም የሚሟገት፣ ቆጥሮ ሰጣት፤ አልተነፈሰም።

ሲሄድ አየሁት፤ ፔዳሉን በረገጠ ቁጥር
ጉልበቱ ላይ ቀዩ ክር
ብቅ ጥልቅ ይል ነበር።