ቁልፉ ምስማሩ ላይ ነው

ለሥራ ነው የመጣሁ፣ ቆጣሪ ላነብ፣
በትከሻዬ ቦርሳ፣ በእጄ መዝገብ።
ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ። ስሙን ያወጣው ሰው
ያን ለታ፣ መቼስ፣ ውሃ ነበረው።
እኔ ከተቀጠርኩ ግን፣ ዓመት ከመንፈቅ፣
ከቧንቧው የሚወርድ ትንፋሽ ነው፣ ደረቅ።

አንኳኳሁ። «ውሃ ልማት!» ብዬ ድምፄን ስስል
ጋሽ ሙሄ ብቅ አለ፤ ነጭ ጓንት አጥልቋል።
«ቆጣሪው ከጓሮ ነው፣ በዚህ እለፊ» አለኝ፣
በሙዚየሙ መሐል እየመራ አስገባኝ።

ሙዚየም ስላችሁ
ዘውድና ጎራዴ እንዳይመስላችሁ።
ሁለት ክፍል ቤት ነው፣ የጭቃ ግድግዳ፤
የተደረደረው የበላ ሁሉ ዕዳ፣
ባለርስት ይሁን ጭሰኛ፣ ሼህ ይሁን መምሬ፣
ያልከፈለው የለም፣ ከጥንት እስከ ዛሬ።

ይኸ የፊታውራሪ ፖፖ ነው፤ ጽጌረዳ ተስሎበታል።
ካርዱ ላይ፣ በጋሽ ሙሄ እጅ፦ «የተሸካሚው ስም ጠፍቷል።»
ይኸ ነጭ ሸክላ፣ ከኮምቦልቻ፤ ጣልያን ጥሎት ሲሄድ አንዲት ባልቴት
ስንት ዓመት ዶሮዋን አሳቀፈችበት።
ሰንሰለቱ አለ እስካሁን። ሳብኩት።
ምንም።
ይኸ ማንቆርቆሪያ፣ ሆዱ የጎበጠ፣
ሰላት ነው ቅዳሴ ሳይል ውሃ የሰጠ።
ይኸ ፋኖስና ባልዲ የአራጌ ነው፣
ሌሊት ጉድጓድ ጠርጎ፣ ሲነጋ የሚተኛው።
ልጁን የዳረ ለት እንኳ፣ በገዛ ድንኳኑ፣
ራቅ ብሎ ነው የበላው፤ ለብቻው ነበር ሰሃኑ።

እዚህ ላይ ሲደርስ ጋሽ ሙሄ ጓንቱን አወለቀ።
የባልዲውን ጠርዝ በባዶ መዳፉ አንድ ዙር ዞረው።
አልጠየቅኩትም።

ከጥጉ አንድ ቦታ አለ፣ ምንም ያልተቀመጠበት፣
ካርድ ብቻ፦ «የሴቶች። ከመሸ በኋላ።»
«ዕቃው የታለ?» አልኩት።
«ጨለማ ነው» አለኝ። «እናቴም እህቶቼም
ፀሐይ እስክትገባ ችለው የሚውሉት።
እንዴት ልሰብስበው? መደርደሪያ አይችለው።»
እኔ ዝም።
ቦርከና ዳር፣ አራት ሆነን ስንወርድ፣
አንዷ ዘብ ስትቆም፣ አንዷ ቀሚሷን ስትሰበስብ፣
ጅቡን ሳይሆን የሰው ኮቴ ስንፈራ፣
ቀን ውሃ መጠጣት እንኳ የተውንበት ክረምት
መጣብኝ። ለወንድ የሚነገር አልመሰለኝም፤
እሱ ግን ካርድ ጽፎለታል።

ከጓሮ ቆጣሪው አቧራ ለብሷል። በጣቴ ጠረግኩት።
ዜሮ፣ ዜሮ፣ አራት፣ አንድ፣ ሰባት።
አምናም ያው፣ ዘንድሮም ያው። እንደ ደንቡ ጻፍኩት፤
የማይዞርም ቆጣሪ ይነበባል፣ ደሞዜ እሱ ነው።
ከቁጥሩ ትይዩ፣ የደንበኛው ስም በሚለው፦
ሙሄ አራጌ።

መዝገቡን ቀስ ብዬ አጠፍኩ።

እንግዲህ ከማለዳ ሠላሳ ግቢ ዞሬያለሁ፣
የሰው ልጅ ነኝ፣ ዕዳዬ ደረሰ።
«ጋሽ ሙሄ» አልኩ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ «ሽንት ቤት… ይኖራል?»
ያን ሁሉ ሸክላ፣ ያን ሁሉ ባልዲ በዓይኑ ዞረና
እስኪያስለው ሳቀ።
«አብሽሪ! የሚሠራ አንድ አለ።»
ከግድግዳው፣ ከምስማሩ ላይ፣ ቁልፍ አወረደ፤
እንዳይጠፋ የጫማ ሶል ታስሮበታል።
ካርዱ እንዲህ ይላል፦ «የሰባት አባወራ የጋራ ቁልፍ፣ የቀበሌ ቤት።»
«ታሪክ አይደለም እንዴ ይኸ?» አልኩት።
«ነው፤ ግን ዛሬም ይከፍታል። በአጥሩ ቀዳዳ ውጪና ወደ ግራ፣
በሩን ትንሽ ከፍ አድርገሽ ግፊው፤
ስትመለሺ እዚሁ ምስማሩ ላይ።
ደግሞ ፍጠኚ፣
ጦይባ ከኋላሽ ተራ ይዛለች።»