የቀዳዳው ልክ

ነይ ግቢ ቤኔዲታ፣ መሰላሉን አቁሚው፣
ያን አሮጌ ዐይን ከግድግዳው ንቀዪው።
ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ያመሸነው
እሱ ግድግዳ ላይ፣ እኔ ወንበር ላይ ነው።

ማቶዚኞሽ ወደብ፣ የሰርዲን መጋዘን፣
ከውቅያኖስ ጭጋግ ተነሥቶ ሲከበን፣
ካሜራውም ደግሞ የራሱን ጉም ጨምሮ
ሰው ያሳየኝ ነበር ዐመድ ውስጥ ቀብሮ።
በአራት የተከፈለ አንድ ትንሽ መስተዋት፣
በየሩቡ ዝናብ፣ በየሩቡ ጥላት፤
ፊት የሌለው ሹራብ፣ ቁጥር አልባ መኪና፣
ሰው የምለየው በአረማመዱ ነውና
"ይህ ትከሻ ሰባራው፣ ያቺ ኦዴት ናት" እያልሁ
በግምት ስጠብቅ በግምት አረጀሁ።

አሁን አንቺ መጣሽ፣ ሣጥንሽን ፈታሽ፣
አንድ ቀጭን ሽቦ ጎትተሽ አወጣሽ።
"ይኸው ይህ ብቻ ነው፤ መብራቱም ምስሉም
በዚሁ ይሄዳል፣ ሌላ አያሻውም።
ካሴት መቀየር የለ፣ ማጠንጠንም የለ፣
ሌባ ማሽን ቢወስድ ምስሉ ሌላ ስፍራ አለ።
ሰሌዳ ያነባል በድቅድቅ ጨለማ፣
በስልክህ ታያለህ ከሊዝቦን ከተማ።
አንዱ ዐይን ቢታመም ዝም ብሎ አይሞትም፣
'ታምሜያለሁ' ይላል፣ እስኪነጋ አይቆይም።
ሁሉም በመረብ ነው የተያያዘው" አልሽኝ።

"መረብ" ስትዪ ሳቅሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ።
እኔ የማውቀው መረብ፣ እጄን ጨው ሲጠብሰው፣
ከአባቴ ጀልባ ላይ ስጠግን ያደግሁት ነው።
"መረብ ማለት፣ ልጄ፣ ገመዱ አይደለም፤
የቀዳዳውን ልክ የማያውቅ አያጠምድም"
ይል ነበር አባቴ፣ ክሩን በጥርሱ ይዞ።
የኔ የዚህኛው ግን፣ ቀዳዳው ተቦድሶ፣
ፊቱ ሾልኮ ያልፋል፣ ጥላ ነው የሚቀረው።

አንድ ጊዜ ታዲያ በጥላ ሰው ያዝሁ።

አዴሊኖ ይባላል። ጫኝ ነበር፣ ልጅ እግር፣
ወደ ግራው ዘንበል የሚል ሲሻገር።
አርባ ጥቅል ቆርቆሮ ተሰረቀ አንድ ሌት፤
ቴፑን አጠንጥነው አስቀመጡኝ ከፊት።
ዐመድ ውስጥ የሚሄድ፣ ኮፍያ የደፋ፣
አንዴ ብቅ የሚል፣ አንዴ የሚጠፋ፣
ዘንበል አለ። በግራ።
"እሱ ነው" አልሁ።
ሁለት ቃል።
ፈረምሁ።

በዓመቱ ብራጋ ላይ ሌባው ተያዘና
ጉዱ ተሰማ፤ እግሩስ ደኅና ነው፣ ጤና።
ያዘመመው ለካ በግራው ያንጠለጠለው፣
የኛው ቆርቆሮ ነው፣ ክብደቱ የጎተተው።
አዴሊኖን ፍለጋ ሄድሁ። ቤቱ ዝግ ነው።
ጎረቤቲቱ ልብስ እያሰጣች አየችኝ፣
"እናቱን ይዞ ሄደ" አለችኝ፤
ወዴት እንደሆነ አልጠየቅኋትም።
ለምን እንዳልጠየቅሁ ዛሬም አላውቅም።

ቴፑን ደብቄዋለሁ፣ ይኸው ከመሳቢያ፤
እስቲ ጠይቂልኝ ያን አዲስ መሣሪያ፣
ያጥራልኝ፣ ያጉላልኝ፣ ፊቱን ያውጣልኝና
አንድ ጊዜ ልየው። አንድ ጊዜ። በጤና።

ሽቦ ስትጠመጥሚ ቆየሽ ክንድሽ ላይ፣
ዐይኔን ሳታዪ፣ መሬት መሬት ስታዪ፤
"ሴኞር አንሴልሞ፣ ያልተቀዳ ፊት
ብናጎላው እንኳ ያው ነው፤ አራት ማዕዘናት
ትልልቅ ይሆናሉ። ይህ ዐይን የሚያየው
ከዛሬ ወዲያ ነው።"

ከዛሬ ወዲያ።
እሺ።

በይ አብሪው እንግዲህ።

ማነው ይሄ ሽማግሌ? ቅንድቡ የተንጨባረረ፣
አገጩ ላይ የዛሬ ጠዋት ምላጭ ያሳተው፣
የኮቱ ሁለተኛ ቁልፍ በጥቁር ክር የተሰፋ፣
የዐይኑ ጥግ ረጥቦ...
ቆይ፣ ምን ያህል ነው የሚያየው?

አዙሪው፣ ልጄ፣ ወደ በሩ አዙሪው።
ወደ ሚዛኑም ይድረስ፣ ወደ መኪናው መግቢያ፤
ማንም ማንንም በአረማመድ አይለይ ከዚህ ወዲያ።
ከበርሜሎቹ ኋላ ያለውን ጥግ ግን፣
ኦዴት በእረፍቷ ብቻዋን የምታጨስበትን፣
እሱን ተዪው።
እዚያ ላይ ቀዳዳ ይኑረው።