ሚስ፦ ስምም ግስም

የክፍላችን ሰሌዳ ጥጉ ተሰንጥቆ፣
ጠመኔ ሲነካው ይጮሃል ተሳቅቆ።
ከዚራ ነው፤ ከሰዓት ነው፤ ጣራው ቆርቆሮ፣
ሙቀቱ አንገታችንን ጥሎታል እንደ ታመመ ዶሮ።
ሚስ ረዚያ ትገባለች ጃንጥላዋን አጥፋ፣
ጀርባው በክር የተሰፋ መዝገበ ቃላት አቅፋ።

እንግሊዝኛው ከግራ ይነሣል፣ ኡርዱው ከቀኝ፣
በአንድ መስመር ላይ ሁለት ባቡር ሆነው ታዩኝ።
አባቴ ሐዲድ ቀያሪ ነው፤ ይህን ገጽ ቢያይ ኖሮ፣
ቀይ ባንዲራውን ይዞ ይወጣ ነበር በርሮ።
ዋበሪ ቁርኣን ቤት ውሏል፤ ፊደሉን ያውቀዋል፣
ድምፁን ያወጣዋል፣ ትርጉሙ ይቀረዋል።

«ዛሬ አንድ ቃል ብቻ» አለችና «ሚስ» ብላ ጻፈች፤
ስሟን መስሎን ሳቅን። እሷም አብራን ሳቀች።
«አንድ፦ ያላገባች ሴት።» (ከኋላ ወንበር ጉርምርምታ።)
«ሁለት፦ ወፍ አልመህ ድንጋይህ ቅጠል ሲመታ።
ሦስት፦ ባቡር። ስትደርስ ጅራቱን ብቻ ስታይ።
አራት...» አለችና ዝም፤ ዓይኗ ከደቻቱ አሸዋ ላይ።

መዝገቡን ገለጠች፤ ጣቷ ተጓዘ ከቀኝ ወደ ግራ፤
ከዚያ ነገረችን በዚያ አማርኛዋ፣
ከቀፊራ በለቀመችው፣ ከቲማቲምና ከሎሚ ጋራ፦

«እኛ ጋ ‹ናፈቅኸኝ› የለም። ‹ያድ አቴ ሆ› ነው።
ያድ፣ ትዝታ። አንተ መጣህ ማለት ነው።
እኔ ምንም አልሠራሁም።
ተቀምጬ ሩዝ እየለቀምኩ ነው።
አንተ ነህ በሩን ከፍተህ የገባኸው።»

ዋበሪ ጠየቀ፦ «ባቡሩስ፣ ሚስ? እሱስ ምን ይባላል?»
«ጋሪ ቹት ገኢ።» ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ፤ ጋሪ በፈረስ ይሳባል!
«እጅህን ለቀቀች ማለት ነው» አለች፣ ሳቁን ተከትላ።
እኛ ባቡር አመለጠኝ እንላለን፣ እንደ ፍየል፣ ካስማዋን ነቅላ።
እሷ አገር ግን ሁለት እጅ ነው፣ ቀስ ብሎ የሚላቀቀው፤
የሸሸም የለ፣ ያባረረም የለ፤ ላብ ነው ያንሸራተተው።

ውሏ አለቀ። የካቲት ላይ፣ ማለዳ፣
ለገሃሬ ደረስኩ፣ ከፀሐይ ቀድሜ።
አላመለጠኝም።
ዘገየ እንጂ ባቡሩ፣ እንደ ልማዱ፤
አራት ሰዓት ሙሉ በረንዳው ላይ ቆምን።
ከቀሚሳቸው ሥር ጨርቅ የጠቀለሉ ነጋዴዎች
እንደ እርጉዝ እየተራመዱ አለፉን።
እሷ ስለ ሐብሐብ ዋጋ አወራች።
እኔ ጫማዬን አየሁ።

ፊሽካው ሲነፋ፣ ሌሊቱን ያጠናሁትን አወጣሁት፦
«አይ ሚስ ዩ፣ ሚስ።»
ቀይ እስክሪብቶ የያዘች ይመስል ጣቷን አነሣች፦
«ጊዜው ልክ አይደለም። ገና እዚህ ነኝ።
ፊትህ የቆመ ሰው አይናፈቅም።
ስሄድ ደግመህ ጻፈው።»

ዋበሪ በጦርነቱ ጊዜ ድንበር ተሻገረ፤ ወሬውም አልመጣ።
የአባቴ ባንዲራ በጸሐይ ነጣ፣ ቀይ መሆኑ ቀረ።
ሐዲዱ ላይ ፍየል ትተኛለች፣
ያመለጣት ነገር የለም።

ዓረፍተ ነገሩንም አልጻፍኩትም እስከ ዛሬ።
ግን አንዳንድ ከሰዓት፣ አሸዋ ገበያ፣ ከሱቄ ደፍ ላይ፣
የዛገውን ምስማር ከደህናው ስለይ፣
ጃንጥላዋን አጥፋ ትገባለች።

እኔ ምንም አልሠራሁም።