የውሃ አጣጭ

ሽምብጥ ከታች መንደር፣ ከወንዙ አጠገብ፣
ወር በገባ በሦስት፣ ቁጥር ላነብ፣
እንበረከካለሁ በየሰው ደጃፍ፣
ጭቃውን ጠርጌ ከቆጣሪው አፍ።

ሐይቁ እዚያው ተኝቷል፣ ካጥር ማዶ፣ ሞልቶ፣
ቧንቧው ግን ያስላል አየር ብቻ ጠጥቶ።
«ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል፤
እኛ እያየነውስ?» ሲሉኝ ያስቀኛል።
«ፓምፑ ነው» እላለሁ፣ እንደታዘዝኩት፤
ሙያዬ ማንበብ ነው፣ አይደለም መክፈት።

ቁጥር ግን ያወራል።
ስድስት የኖረበት ዘጠኝ ከቆጠረ፣
ማንንም አልጠይቅ፣ ሕፃን ተጨመረ።
ዜሮ ካለ ደግሞ፣ ሰዎቹ ወጥተዋል፤
ቁልፉን ለጎረቤት፣ ውሻውን ለማንም ሰጥተዋል።

የእትየ እንጉዳይ ቤት፣ ሰማያዊ በሩ፣
ስምንት ነበር ዘወትር፣ ስምንት ነው ቁጥሩ።
ጥቅምት ላይ ጎንበስ ስል
አራት።
ደገምኩት።
መስታወቱን በእጅጌዬ ወለወልኩት።
አራት።
ማንም አልነገረኝ፣ ድንኳንም አላየሁ፤
የውሃ አጣጯ እንደሌለ ከቁጥሩ ለየሁ።

ቢሉ ግን በስሙ ነው ዛሬም የሚወጣ፤
«ልየው አንሙት!» ስል እሷ ናት የምትመጣ።
ስሙን ከነአባቱ ጮክ ብዬ ስጠራው
ልመና ይመስላል፤
ለማኙ ማን እንደሆነ ለራሴም ይጠፋኛል።

«ስሙን ላዛውር» ብላ ሄዳ ነበር ቢሮ፤
መስኮት ሁለት ላካት፣ መስኮት አምስት ዞሮ
መለሳት። የሞት ማስረጃ፣ ካርታ፣ ሦስት ምስክር፣
ከዕዳ ነጻ ደብዳቤ፣ ጉርድ ፎቶ፣ ቴምብር።
በመጨረሻ ልጁ፣ ቀና ሳይል ካቀረቀረበት፣
«ባለ ስሙ ራሱ ቀርቦ ይፈርምበት።»

እኔ አፈርኩ። «አለቃዬን ላናግርልሽ፣
ፎርሙን እዚሁ ድረስ ላምጣልሽ»
አልኳት።
«ተወው ልጄ» አለች። «ዕድሩ ስሙን ሰረዘ፤
ስልክ ቁጥሩንም የማላውቀው ልጅ ያዘ።
በወር አንዴ እንኳን፣ እዚህ በር ላይ ቆሞ፣
ልየው የሚል ይኑር፣ በመንግሥት ድምፅ ደግሞ።»

ከፍላ ነው የምትገባ፣ ሳንቲም ሳታጎድል፤
እኔም ስሙን እንዳለ አሳልፋለሁ፣ ልክ እንዳልሆነ ባውቅም፣ ምንም ሳልል።

በዚህ ወር ቆጣሪው አምስት ነው የሚለው።
ማነው? ምንድን ነው? ብዬ አልጠየቅኳት፤
ግን ስወጣ፣ በበሩ ሥር፣
አንድ የማንጎ ችግኝ አየሁ፤ አፈሩ እርጥብ ነበር።