ከአንጓው ወዲህ

በዒዱ ማግሥት ነው፤ ሐረጎን ስንወጣ፣
ጭጋጉ ወርዶብን መንገዱን ሲያሳጣ፣
እናቴ ከፊት ናት፣ ከሹፌሩ ጎን፤
«ፎቶ ላስነሳ ነው የልጅ ልጆቼን»
ትለዋለች ደጋግማ፣ ማንም ሳይጠይቃት፤
ደስታ እሷ ጋ እንዲህ ነው፣ ካልተወራ አይሞቃት።

ሰልማ የኔ ናት። አባቷ ኦርሃን
ከካይሴሪ መጥቶ፣ ሐዲድ ሲዘረጋ፣
ቦርከናን ሲሻገር እዚሁ የቀረ።
ሐሚድ የወንድሜ የይመር ነው። እናቱ ሲትና
የአሶሳ ልጅ፣ በርታ፣
ከጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ፣ ክር ክፍል የምትሠራ፤
ወንድሜ ካያት ወዲህ የሌላ ስም ያልጠራ።
ሁለቱም አምስት ዓመታቸው፣ በወር ይበላለጣሉ፤
አንድ ከረሜላ በጥርስ ገምሰው ይካፈላሉ።

ሰልማን ሲያይ ሰፈሩ አጀብ ይላል፦
«ማሻአላህ፣ ወርቅ! ጠጉሯ ሐር ይመስላል!»
ሐሚድ ጋ ሲደርስ ሳል አለ፣ ሳል የሚመስል ዝምታ፤
ከዚያም «ይሄስ የማን ነው?» በቀጭን ፈገግታ።
እናቴም ትቀድማለች፣ ምስክር እንዳጣ፦
«መልኩ ነው እንጂ በእናቱ የወጣ፣
አፍንጫውን እዩት! የኛ ነው፣ ሰልካካ!»

አትወደውም አልልም። አምና ወባ ሲጥለው
ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል፣ ከአልጋው ሥር፣ ካርቶን አንጥፋ
ሦስት ሌሊት ያደረችው እሷ ነች።
ቅልጥሙንም ለሱ ነው የምታስቀር።
ብቻ ሰው ፊት፣
ሰው ፊት ሌላ ሴት ትሆናለች።

እኔም ያን ሳል አውቀዋለሁ።
የኦርሃን እናት ሰልማን ለጎረቤት ስታሳይ፣ በስልኩ መስኮት፣
እኔን «ልጅ ያዧ ናት» አለች፤ ሰማኋት።
ቱርክኛዬ ትንሽ ነው፣ ለዚያች ግን በቃኝ።
ማታ ኦርሃን «አሮጊት ናት፣ ተያት» አለኝ።
ተውኋት።

ፎቶ ቤቱ ፒያሳ ነው፣ ጠባብ ደረጃ ወጥተን፤
ከጀርባ የተቀባ ሐይቅ፣ የፕላስቲክ አበባ።
ልጆቹ ቆሙ፣ እጅ ለእጅ። እናቴ አየቻቸው፤
ሰልማን አየች፣ ሐሚድን አየች፣ መብራቱን አየች።
«ሐሚዴ፣ ና ወዲህ፤ አንተ ለብቻህ ትነሳለህ፣ በኋላ።
ይቺ ላባቷ አገር የምትላክ ናት።»

እኔስ?
የሰልማን ኮሌታ አስተካከልሁ።
ኮሌታዋ አልተጣመመም ነበር።

ሐሚድ እሺ አለ፣ ወጣ።
ሰልማ ግን እጁን አልለቅ አለች።
ፎቶ አንሺው ቸኮለ፣ መብራቱ ሳይሄድበት፤
ብልጭ።

ማክሰኞ ታትሞ መጣ። ሐይቁ አለ፣ አበባው አለ፣
ሰልማ በነጭ ቀሚሷ፣ አንድ ጥርሷ ወልቆ፤
በግራዋ በኩል፣ ከወረቀቱ ጠርዝ ብቅ ያለ
አንድ ጥቁር እጅ፣ እስከ አንጓው።
ከአንጓው ወዲያ የለም።
«ይቺን ቆርጠህ አውጣት» አለች እናቴ።
«እትዬ፣ ከቆረጥሁት የልጅቷም ጣት አብሮ ይሄዳል።»

ሲትና ከፈረቃ ገባች፣ ጠጉሯ ላይ የጥጥ ብናኝ።
ፎቶውን አንስታ ወደ አምፖሉ አስጠጋችው።
ለቅሶ ጠበቅሁ። ስድብ ጠበቅሁ።
ሻንጣ ከቁም ሳጥን ላይ ሲወርድ ጠበቅሁ።
«እጁን አወቅሁት» አለች።
አስቀመጠችው። ልጁ ራት በልቶ እንደሆነ ጠየቀች።
እናቴ ወጥ ቤት ገብታ፣ የታጠበ ድስት ደግማ አጠበች።

ዓርብ ማታ ከካይሴሪ ተደወለ።
አማቴ ፎቶው ደርሷት፣ መነጽሯን አድርጋ፣
ጣቷን ጠርዙ ላይ አሳርፋ አንድ ነገር አለች።
ኦርሃን ስልኩን ይዞ ወደ መሬት አየ።
እናቴ ቱርክኛ አታውቅም፤ ድምፁን ግን አወቀችው፤
ይህን ድምፅ ከገዛ ደጃፏ ታውቀዋለች።
«ምን አለች?»
«‹ይሄስ የማን ነው?› አለች።»

እናቴ ዝም አለች። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች።
ሐሚድ ከእግሯ ሥር ተኝቷል፣ አፉን ከፍቶ።
«በያት» አለችኝ፣ ቀስ ብላ፣ ለራሷ እንደምትናገር፣
«በያት፣ የኛ ነው።
አፍንጫውን ብታይው ኖሮ...»

«የኛ ነው» አልኋት በዚያች ትንሽ ቱርክኛዬ።
አፍንጫውን አልተረጎምሁም።